ስኳርና ግፊት ያለበት ሰው ዓይኑን መቼ ነው የሚታየው?

ስኳር ያለበት ሰው ለክትትል ሲሄድ ጣቱ ይወጋል፤ ስኳሩ ይለካል። ግፊቱ ይታያል። መድኃኒቱ ይታዘዝለትና ቀጣዩ ቀጠሮ ካርዱ ላይ ይጻፍለታል። ዓይኑን ግን ብዙ ጊዜ ማንም አያየውም። እሱም አይጠይቅም። ዓይኑ አያመውም፤ ያያል። ታዲያ ለምን ይጠይቃል?

ብዙዎቻችን የዓይን ሐኪም ጋ የምንሄደው ለሁለት ነገር ብቻ ነው። አንዱ መነጽር ነው። ሌላው ዓይናችን ሲቀላ፣ ሲያሳክክ ወይም ማየት ሲያቅተው ነው። ዓይንን ከልብ፣ ከኩላሊትና ከደም ሥር ነጥለን እናስበዋለን። የጤና ተቋሞቻችንም እንዲሁ ነጥለውታል፤ የስኳር ክሊኒኩ አንድ ቦታ፣ የዓይን ክፍሉ ሌላ ቦታ፣ አንዳንዴም ሌላ ከተማ ነው። ይህ መነጣጠል ሊተርፍ የሚችል ብርሃን እያሳጣ ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚያም አልፎ ዓይን ስለ ቀሪው ሰውነት ሊነግረን የሚችለውን እያስመለጠን ነው።

ዓይን ውስጥ ያለውን እንመልከት። ሰውነት ሳይቀደድ የደም ሥሮችንና ነርቭን በቀጥታ ማየት የሚቻለው እዚያ ነው። ጀርመናዊው ሄርማን ፎን ሄልምሆልዝ እ.ኤ.አ. በ1851 የዓይንን የውስጥ ክፍል የሚያሳየውን መሣሪያ ካስተዋወቀ በኋላ ሐኪሞች ሬቲናን ማጥናት ጀመሩ። ሬቲና ከዓይን ኋላ ያለው፣ ብርሃንን የሚቀበለው ስስ ሽፋን ነው። በላዩ ላይ ጥቃቅን የደም ሥሮች ተዘርግተዋል። በኩላሊትና በአንጎል ውስጥም የእነሱ ዓይነት ጥቃቅን ሥሮች አሉ። ልዩነቱ የዓይኑ መታየቱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1939 በአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ የሚሠሩ ኪዝ፣ ዋግነርና ባርከር የተባሉ ሐኪሞች የደም ግፊት ሕሙማንን በሬቲናቸው ሁኔታ በአራት ደረጃ ከፈሏቸው። ያኔ ግፊትን በአግባቡ የሚያወርድ መድኃኒት አልነበረም። በአንደኛው ደረጃ ከነበሩት አብዛኞቹ ከሦስት ዓመት በኋላም በሕይወት ነበሩ። በአራተኛው ደረጃ ከነበሩት፣ ማለትም የዓይን ነርቫቸው መግቢያ ካበጠው፣ ሦስት ዓመት የቆዩት ከመቶ ስድስት ያህሉ ብቻ ነበሩ። የዓይን ምርመራ የሰውየውን ዕድሜ እየተናገረ ነበር ማለት ነው። ዛሬ መድኃኒት አለ። ምልክቱ ግን ያው ነው። ሐኪም ዓይን ውስጥ የደም ነጠብጣብና የነርቭ እብጠት ካየ፣ የዚያ ሰው ግፊት በዚያው ቀን ሕክምና የሚያስፈልገው ነው።

ስኳር ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። በደም ውስጥ ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር የጥቃቅን ሥሮችን ግድግዳ ያዳክማል። ሥሮቹ ያፈሳሉ። የፈሰሰው ፈሳሽ የሬቲናውን መሃል ካሳበጠው ማንበብና የሰው ፊት መለየት ይከብዳል። ሌሎቹ ሥሮች ይደፈናሉ። ደም ያልደረሰው የሬቲና ክፍል አየር ሲያጥረው አዲስ ሥር እንዲበቅል መልእክት ይልካል። አዲሶቹ ሥሮች ግን ደካሞች ናቸው፤ በቀላሉ ይደማሉ። ደሙ ዓይንን የሞላው ዝልግልግ ፈሳሽ ውስጥ ሲፈስ ሰውየው በድንገት ጥቁር ነገር ይጋርደዋል። ከሥሮቹ ጋር የሚመጣው ጠባሳም ሬቲናውን ስቦ ሊያላቅቀው ይችላል።

ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ እስከ መጨረሻው ድረስ ሕመም የለውም። ብዙ ጊዜ የማየት ችግርም የለውም። ሰውየው «ዓይኔ ደህና ነው» እያለ ሬቲናው ግን እየተጎዳ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ችግር ሲሰማኝ እሄዳለሁ» የሚለው አካሄድ እዚህ ላይ አይሠራም። ሲሰማው ረፍዷል። ሌዘርም ሆነ ዓይን ውስጥ የሚሰጠው መርፌ በጊዜው ከተጀመሩ ብርሃንን በደንብ ያቆያሉ። የጠፋውን መመለስ ግን ሌላ ነገር ነው።

ዓይነት 2 ስኳር ያለበት ሰው የመጀመሪያ የሬቲና ምርመራው ስኳር እንዳለበት በታወቀበት ወቅት መሆን አለበት። ምክንያቱም ይህ ዓይነቱ ስኳር ከመታወቁ በፊት ለዓመታት ሰውነት ውስጥ ተደብቆ ሊቆይ ይችላል። አንዳንዱ ሰው ስኳሩ በታወቀበት ቀን ዓይኑ ተጎድቶ ይገኛል። ዓይነት 1 ያለበት ደግሞ ከአምስት ዓመት በኋላ ይጀምራል። ከዚያ ወዲያ ምርመራው በየዓመቱ ነው። ቀድሞ ስኳር የነበረባት ሴት ካረገዘች በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት መታየት አለባት፤ እርግዝና የሬቲና ጉዳትን ሊያፋጥን ይችላልና።

የዓይኑና የሰውነቱ ጉዳይ አንድ መሆኑን ከሚያሳዩ ጥናቶች የብሪታንያው ትልቅ የስኳር ጥናት ሁሌም ይደንቀኛል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1998 ወጣ። ዓይነት 2 ስኳርና ግፊት ያለባቸው ሰዎች በሁለት ተከፈሉ፤ የአንደኛው ቡድን ግፊት ጠበቅ ያለ ቁጥጥር ተደረገበት። በዚያ ቡድን ስትሮክ በ44 በመቶ ቀነሰ። የማየት አቅም መዳከም ደግሞ በ47 በመቶ። ለአንጎል ተብሎ የተዋጠው ክኒን ዓይንንም አዳነ። በዓይነት 1 ላይ በአሜሪካና በካናዳ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመው ጥናትም ስኳርን በሚገባ መቆጣጠር፣ ዓይናቸው ገና ባልተጎዳ ሰዎች ላይ የሬቲና ጉዳት የመጀመር ዕድልን በ76 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ስለዚህ ለስኳር ሕመምተኛ የመጀመሪያው የዓይን ሕክምና ጠብታ አይደለም። ስኳሩንና ግፊቱን ማስተካከል ነው።

ተቃራኒውም እውነት ነው። ሬቲናው ላይ ጉዳት የታየበት ሰው ኩላሊቱም መታየት አለበት። ሽንቱ ውስጥ ፕሮቲን አለ ወይ ተብሎ መመርመር አለበት። ሁለቱ ጉዳቶች ብዙ ጊዜ አብረው ይሄዳሉ። የዓይን ሐኪሙ ያየውን ለስኳር ሐኪሙ ካልጻፈለት ግን ይህ መረጃ በዓይን ክፍሉ ካርድ ላይ ተቀብሮ ይቀራል።

በዚህ አጋጣሚ መነጽር ለመግዛት ለሚቸኩሉ አንድ ነገር ልበል። ስኳር ከፍ ዝቅ ሲል የዓይን ሌንስ ያብጣል፣ ይቀንሳል። እይታም አብሮ ይለዋወጣል። ስኳሩ ገና ሳይረጋ በዚያ ሳምንት የተለካ መነጽር ከወር በኋላ ላይሆን ይችላል። መጀመሪያ ስኳሩ ይረጋ፣ ከዚያ ይለካ።

ታዲያ ይህ ሁሉ እየታወቀ ምርመራው ለምን ይቀራል? ሰበቡ የሕመምተኛው ቸልተኝነት ብቻ አይደለም። በሀገራችን የዓይን ጤና ሥራ ለረጅም ጊዜ ያተኮረው በዓይን ሞራና በትራኮማ ላይ ነው። ይህም ትክክል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 የተካሄደው ሀገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶ የሚሆነው ዓይነ ስውር መሆኑን አሳይቷል። ከዚህ ግማሽ ያህሉ በዓይን ሞራ ምክንያት ነበር፤ በትራኮማ የመጣው ጠባሳም ከ11 በመቶ በላይ ድርሻ ነበረው። ሞራ በቀዶ ሕክምና ይነሳል፤ ዘመቻ ተደርጎ በአንድ ሳምንት ብዙ ሰው ማየት ይጀምራል። የስኳር ዓይን ግን በዘመቻ አይሆንም። በየዓመቱ፣ ዕድሜ ልክ፣ ከክትትሉ ጋር የሚሄድ ነገር ነው። ሥርዓታችን የተገነባው ለመጀመሪያው ነው፤ በሽታው ግን ወደ ሁለተኛው እየሄደ ነው።

ሌላው ርቀት ነው። የዓይን ስፔሻሊስቶች በአዲስ አበባና በጥቂት ትልልቅ ከተሞች የተሰበሰቡ ናቸው። ምኒልክ ሆስፒታል፣ ጎንደር፣ ጅማ፣ መቀሌ አጠገብ ያለው ኩሃ እያልን ልንቆጥራቸው እንችላለን። ሬቲና ላይ የሠለጠነ ደግሞ ከእነሱም ያንሳል። ከገጠር የሚመጣ ሰው ለስኳሩ አንድ ቀን፣ ለዓይኑ ሌላ ቀን መሄድ አይችልም። በዚያ ላይ ምርመራው ብሌኑን የሚያሰፋ ጠብታ ይፈልጋል። ጠብታው ለሰዓታት እይታን ያደበዝዛል፤ ፀሐይ ያስቸግራል፤ ሰው ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። አንድ የቀን ሠራተኛ ይህን ሁሉ «ለማያመኝ ዓይን» ብሎ የሥራ ቀኑን አያቃጥልም። ልፈርድበት አልችልም።

መፍትሔው ምርመራውን ሕመምተኛው ወዳለበት ማምጣት ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት በላይ የሆኑ የስኳር ሕሙማንን በሙሉ እየጠራች የሬቲናቸውን ፎቶ ማንሳት ጀመረች። ፎቶውን የሚያነሳው የሠለጠነ ባለሙያ እንጂ የዓይን ሐኪም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት በእንግሊዝና በዌልስ፣ ቢያንስ ከአምስት አሥርት ዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በሥራ ዕድሜ ላይ ላሉ ሰዎች ዋናው የዓይነ ስውርነት መንስኤ የስኳር ዓይን አለመሆኑን ዘገበ። ይህን ያመጣው አዲስ ተአምረኛ መድኃኒት ብቻ አይደለም። ካሜራ፣ ዝርዝርና የጥሪ ደብዳቤም ናቸው።

የእኛም የስኳር ክሊኒኮች አንድ የሬቲና ካሜራና አንድ የሠለጠነች ነርስ ቢኖራቸው፣ ሕመምተኛው ጣቱ በተወጋበት ቀን ዓይኑም ይታይ ነበር። ፎቶው አዲስ አበባ ላለ ሐኪም ይላካል፤ ችግር ያለበት ብቻ ይጠራል። ፎቶውን የሚያነቡ የኮምፒውተር ፕሮግራሞችም አሉ። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2018 ያለ ሐኪም የስኳር ዓይንን የሚለይ ፕሮግራም ፈቅዷል። በዚያው ዓመት የጉግል ተመራማሪዎች ከሬቲና ፎቶ ብቻ የሰውን ዕድሜ፣ አጫሽነቱንና የግፊቱን መጠን መገመት እንደሚቻል አሳይተዋል። ደስ የሚል ነገር ነው። ግን ፕሮግራሙ ችግር ያገኘበትን ሰው የሚቀበልና ሌዘር የሚሠራ ሆስፒታል ከሌለ፣ ፎቶው ለሰውየው መርዶ ከመንገር ያለፈ ጥቅም የለውም።

ውጭ ያለው ወገናችንም ከዚህ አያመልጥም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ወደ እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤላውያን ሲደርሱ ስኳር የሚባል ነገር ብዙም አልነበረባቸውም። አመጋገባቸውና እንቅስቃሴያቸው ሲቀየር ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ በወጣቶቹ ላይ ሳይቀር በሽታው በፍጥነት መጨመሩን ተመራማሪዎች መዝግበዋል። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ የመነጽር ኢንሹራንስና የሕክምና ኢንሹራንስ እንደሚለያዩ አስታውሱ። የስኳር ዓይን ምርመራ ሕክምና ነው። ወላጆቻችሁ ሜዲኬር ካላቸው ስኳር ላለበት ሰው በዓመት አንድ ጊዜ የሚደረገው የሬቲና ምርመራ ከሚሸፈኑት ውስጥ ነው፤ ከወጪው የተወሰነው ግን ለራሳቸው ይቀራል። «የዓይን ኢንሹራንስ የለኝም» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

እስካሁን ያወራነው ስለ ትልልቅ ሰዎች ነው። የሕፃናቱ ታሪክ ግን የበለጠ ልብ ይነካል። ማታ ማታ የሚደናበር፣ ሲመሽ ከእናቱ ቀሚስ የማይላቀቅ ልጅ ዳፍንት ሊኖርበት ይችላል። ዳፍንት የቫይታሚን ኤ እጥረት ምልክት ነው። አልፍሬድ ሶመር የተባለ አሜሪካዊ የዓይን ሐኪም በኢንዶኔዥያ ይህን ሲያጠና ያልጠበቀውን አገኘ። ቀላል የዓይን ምልክት ያለባቸው ሕፃናት ከሌሎቹ በብዙ እጥፍ ይሞቱ ነበር። የሚሞቱት ግን በዓይን አይደለም፤ በተቅማጥ፣ በሳንባ ምችና በኩፍኝ ነው። ቫይታሚን ኤ የአንጀትንና የመተንፈሻ አካልን ሽፋን የሚጠብቅ፣ ለበሽታ መከላከያም የሚያስፈልግ ነገር ነውና። በዚያው በኢንዶኔዥያ በአቼ ግዛት የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ1986 የታተመው ሙከራ የቫይታሚን ኤ ካፕሱል በተሰጠባቸው መንደሮች የሕፃናት ሞት በ34 በመቶ መቀነሱን አሳየ። ዛሬ በሀገራችንም ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላሉ ሕፃናት በየስድስት ወሩ የሚሰጠው ካፕሱል ከዚህ የመጣ ነው። የዓይን ሐኪም ዳፍንትን ሲከታተል የሕፃናትን ሞት የሚቀንስ ነገር አገኘ።

የእኛው ሀገር ደግሞ ሌላ ጨመረበት። በአማራ ክልል በምሥራቅ ጎጃም ትራኮማን ለመከላከል አዚትሮማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ ለሕዝብ በጅምላ ሲሰጥ ተመራማሪዎች የሕፃናቱን ሞት ቆጠሩ። መድኃኒቱን በወሰዱ አካባቢዎች ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ያሉ ልጆች የመሞት ዕድል በግማሽ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። ይህ እ.ኤ.አ. በ2009 ታተመ። ከዚያ በኋላ በኒጀር፣ በማላዊና በታንዛኒያ በተሠራ በጣም ትልቅ ጥናት ቅናሹ ወደ 14 በመቶ አካባቢ ሆነ። ቁጥሩ አነሰ፤ አቅጣጫው ግን ያው ነው። በእርግጥ አንቲባዮቲክን በጅምላ መስጠት ጀርሞች መድኃኒቱን እንዲለምዱ ያደርጋል የሚለው ስጋት ቀላል አይደለም። ደግሞም ትራኮማን መጨረሻ ላይ የሚያጠፋው ክኒን ብቻ ሳይሆን ለልጅ ፊት መታጠቢያ የሚሆን ውኃና መጸዳጃ ቤት ነው። ያው ውኃ ተቅማጥንም ይቀንሳል።

ምግብን በተመለከተ ከካሮት ያለፈ ነገር አለን። ጎመን፣ ዱባ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ውስጡ ብርቱካናማ የሆነው ስኳር ድንች ሁሉ ለቫይታሚን ኤ ጥሩ ናቸው። ሰውነት እንዲጠቀምባቸው ግን ትንሽ ዘይት ይፈልጋሉ። በጾም ወቅት ቤቱ ሁሉ ሲጾም ለሕፃኑ ብቻ ተብሎ እንቁላል መቀቀል ይረሳል። ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ መጾም አይጠበቅበትም። እንቁላሉ ይቀቀልለት።

ለዓይን ወይም ለሌላ በሽታ የወሰድነው ነገር መልሶ ዓይንን የሚጎዳበት ጊዜም አለ። ከሁሉም የሚያሳስበኝ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከፋርማሲ የሚገዛው ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ነው። ዴክሳሜታዞን አንዱ ነው። ዓይኑን የሚያሳክከው ልጅ በአለርጂ ምክንያት በየዓመቱ ይሰቃያል፤ ጠብታው በሁለት ቀን ያሽለዋል። እናትየው ባሳከከው ቁጥር እየገዛች ታደርግለታለች። ወራት ሲቆጠሩ የዓይን ግፊቱ ይጨምርና የዓይን ነርቭን የሚጎዳው ግላኮማ ይመጣል፤ ሞራም ሊያወጣ ይችላል። ልጁ ያጣው ብርሃን አይመለስም። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ላይ ያለ ሰውም ቀይና አረንጓዴ መለየት ካቃተው ወይም እይታው ከደበዘዘ ወዲያው ለጤና ባለሙያው ይንገር። ኤታምቡቶል የተባለው መድኃኒት የዓይን ነርቭን ሊነካ ይችላል። በራሱ ፈቃድ ግን መድኃኒቱን አያቋርጥ።

ስለ ስልክና ኮምፒውተር ብዙ ይወራል። ስክሪን አያሳውርም። ስናፈጥበት ዓይናችንን መርገብገብ ስለምንቀንስ ይደርቃል፣ ያቃጥላል። ለልጆች ግን ከስክሪኑ የበለጠ የሚያሳስበው ውጭ አለመውጣታቸው ነው። በቀን ሁለት ሰዓት ያህል ደጅ መጫወት የቅርብ ብቻ የማየት ችግር እንዳይጀምራቸው እንደሚያግዝ ጥናቶች አሳይተዋል።

ወደ አረጋውያን ልምጣ። እይታ ሲቀንስ ቀሪው ሰውነትም አብሮ ይወርዳል። በሞራ የተጋረዱ እናት ደረጃው አይታያቸውም፤ ይወድቃሉ፤ የዳሌ አጥንታቸው ይሰበራል። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ መሄድ፣ ለቅሶ መድረስ ያቆማሉ። ኢንሱሊን የሚወጉ ከሆነ መርፌው ላይ ያለውን መስመር ማየት አይችሉም። አሁን ደግሞ የመርሳት በሽታ ጉዳይ ተጨምሯል። ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ስም የሚታወቀው የመርሳት በሽታ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ሕክምና ያላገኘ የእይታ መቀነስን ልንከላከላቸው ከምንችላቸው 14 አጋላጭ ነገሮች ውስጥ አስገብቶታል። ከዚያ በፊት በአሜሪካ ሞራ ባለባቸው ከ3000 በላይ አረጋውያን ላይ የተደረገ ክትትል፣ ሞራቸው የተነሳላቸው ሰዎች በመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ወደ 30 በመቶ ያህል ዝቅ ያለ ሆኖ አግኝቶታል። ይህ ክትትል እንጂ ሙከራ አይደለም፤ ቀዶ ሕክምናው ራሱ በሽታውን ከለከለ ብሎ ለመደምደም አይበቃም። ቢሆንም «አርጅተዋል፣ ከዚህ በኋላ ምን ያደርግላቸዋል» እያልን የእናቶቻችንን ሞራ ማቆየት እንደማይገባን ለማሳሰብ ይበቃል።

ግላኮማም ያለ ሕመም ነው የሚመጣው። ከዳር እየበላ ወደ መሃል ይገባል። የአፍሪካ ዘር ባለን ሰዎች ላይ ይበዛል፤ ቀደም ብሎም ይጀምራል። እናት፣ አባት፣ ወንድም ወይም እህት ግላኮማ ካለበት፣ የቀሩት የቤተሰቡ አባላት ከ40 ዓመት በኋላ ሳይቆዩ የዓይን ግፊታቸውንና ነርቫቸውን መታየት አለባቸው።

ቀጠሮ የማይጠብቅ አንድ ምልክት አለ። ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ሰው አንድ ዓይኑ በድንገት ለጥቂት ደቂቃ ይጋረድና ተመልሶ ይጠራል። «አለፈልኝ» ብሎ ይረሳዋል። ይህ ግን ከአንገት ወይም ከልብ የተነሳ ትንሽ የረጋ ደም ወደ ዓይን ሄዶ ሊሆን ይችላል። ቀጣዩ ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ነው። የዚያ አደጋ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይብሳል። ይህ ሰው መነጽር ቤት ሳይሆን በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ አለበት፤ ግፊቱ፣ ስኳሩ፣ የልብ ምቱና የአንገቱ የደም ሥሮች እንዲታዩለት።